ዘፈን መምረጥ ሥራ ነውን?

ከአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ



በዚህ ዓመታዊ መጽሔታችን ላይ ስለ ትምህርት ጥቅም፣ ስለ ጊዜ አጠቃቀምና ስለ መልካም ጠባይ ብዙ ተጽፏል፤ ወደ ፊትም ይጻፋል። እኔ ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ግን አንዳንዶቻችሁ «ይህ ደግሞ ምን ቁም ነገር አለው?» የምትሉት ሳይሆን አይቀርም። ይኸውም በሠርግ፣ በምረቃ፣ በወላጆች ቀንና በልዩ ልዩ ግብዣ ላይ ዘፈን እየመረጠና እያያያዘ የሚያጫውተው ሰው፣ በተለምዶ ዲጄ የምንለው፣ ሥራው እንደ ሌላው ሥራ ሊከበርለት ይገባልን? የሚለው ጥያቄ ነው።

ጥያቄውን እንዳነሣ ያደረገኝ በክፍላችን የተደረገ ክርክር ነው። ለምረቃችን በዓል ሙዚቃ የሚመርጥ ሰው ያስፈልጋል፣ አያስፈልግም በሚል ክፍሉ ለሁለት ተከፈለ። ግማሹ «አንድ ስልክ ከድምፅ ማጉያው ጋር ማገናኘት ይበቃል፤ የቀረውን ስልኩ ራሱ ይመርጠዋል» አለ። ግማሹ ደግሞ «የለም፣ ሰው ያስፈልጋል» አለ። እኔ ከሁለተኞቹ ወገን ነኝ፤ ምክንያቴንም ከዚህ ቀጥዬ ለማስረዳት እሞክራለሁ። በጽሑፌ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

በመጀመሪያ የተቃዋሚዎቻችንን ቃል እንመርምር። «ዲጄ ምን ፈጠረ? አልዘፈነ፣ ክራር አልመታ፣ ግጥም አልገጠመ፤ ሌላው የደከመበትን ያጫውታል እንጂ» ይላሉ። ይህ አነጋገር ከእውነት ፈጽሞ የራቀ አይደለም። ዳሩ ግን እኛ ኢትዮጵያውያን አንዱ የሠራውን ሌላው በሥርዓት ማቅረቡ ራሱን የቻለ ሙያ መሆኑን ከጥንት ጀምረን እናውቃለን። በድግስ ቤት ወጡን የሠሩት ሌሎች፣ ጠላውን የጠመቁት ሌሎች ናቸው። አሳላፊው ምንም አላበሰለም። ሆኖም የሚጾመውን ከማይጾመው የሚለይ፣ ማን እንደ በላ፣ ማን እንዳልደረሰው፣ ማን አፍሮ ዝም እንዳለ በዓይኑ የሚያስተውል እርሱ ነው። አሳላፊው ያልሠመረለት ድግስ ወጡ ቢጣፍጥም መታማቱ አይቀርም። እንደዚሁም አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ ሲገባ አስቀድሞ የሚያየው የእንግዶቹን ፊት ነው፤ የሚያዝነው ማን ነው፣ የሚደሰተው ማን ነው፣ ሊወደስ የሚወደው ማን ነው ብሎ ከመረመረ በኋላ ለዚያ የሚስማማውን ያወጣል። ስለዚህ ሸክላ ማጫወቻውና ኮምፒዩተሩ ከውጭ ይምጡ እንጂ፣ ሰውን አይቶ ዘፈን መምረጥ ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ሙያው አመጣጥ ልለፍ። በተለይ ለእኛ ለተማሪዎች ሊገርመን የሚገባ ታሪክ አለ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 11 ቀን 1973 በኒው ዮርክ ከተማ ብሮንክስ በሚባለው ሰፈር፣ ሴጅዊክ ጎዳና ቁጥር 1520 በሆነ የመኖሪያ ሕንፃ ውስጥ፣ ሲንዲ ካምቤል የተባለች ልጃገረድ ትምህርት ሲከፈት የምትለብሰውን ልብስ ለመግዛት ገንዘብ ፈልጋ በሕንፃው የጋራ አዳራሽ አንድ ግብዣ አዘጋጀች። የመግቢያው ዋጋ ለሴቶች 25 ሳንቲም፣ ለወንዶች 50 ሳንቲም ነበር። ሙዚቃውን ያጫወተው ወንድሟ ክላይቭ ካምቤል ሲሆን፣ ዓለም ዛሬ የሚያውቀው ኩል ሄርክ በሚለው ስሙ ነው። ጃማይካ ውስጥ በኪንግስተን ከተማ ተወልዶ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ የሄደ ወጣት ነበር። በዚያች ሌሊት ዕድሜው 18 ዓመት ነበር፤ ማለት እንደ እኛ ነበር።

ይህ ወጣት አንድ ነገር አስተዋለ። ሰዎቹ በዘፈኑ ሁሉ እኩል አይጨፍሩም፤ ዘፋኙ ዝም ብሎ ከበሮው ብቻውን በሚቀርባት አጭር ቦታ ላይ ሲደርስ ነው ሁሉም የሚነሣው። ያች ቦታ ግን ወዲያው ታልፋለች። ስለዚህ የአንድ ዘፈን ሁለት ሸክላ ገዝቶ፣ በአንዱ ማጫወቻ ላይ ያች ቦታ ስታልቅ በሁለተኛው ላይ እንደ ገና ከመጀመሪያዋ በማስነሣት፣ ጥቂት ሰከንድ የነበረችውን እስከ ብዙ ደቂቃ አስረዘማት። ዛሬ ሂፕ ሆፕ የሚባለው ሙዚቃ ልደቱን ከዚያች ሌሊት ይቆጥራል። በ2023 ኩል ሄርክ በአሜሪካ የሮክ ኤንድ ሮል የክብር አዳራሽ ውስጥ ስሙ ሰፍሯል። እስቲ አስቡት፤ ይህ ሰው ለዚህ የበቃው በመዝፈን አይደለም፤ ሰዎች ሲጨፍሩ አተኩሮ በማየቱ ነው።

የሥራው መሣሪያና ዘዴ እንዴት እንደሆነ ለማያውቁ ወላጆቻችን ባጭሩ ልግለጽ። ዲጄ ሁለት ማጫወቻና በመካከላቸው ድምፅን የሚያመጣጥን መሣሪያ አለው። አንዱ ዘፈን ለሕዝብ ሲሰማ፣ ሁለተኛውን እርሱ ብቻ በጆሮ ማዳመጫ ይሰማዋል። የሁለቱ ፍጥነት ካልተስማማ ሲገናኙ እንደ ተደናገጠ የፈረስ ኮቴ ይንኳኳሉ። ስለዚህ ፍጥነታቸውን ማስተካከል አለበት። በ1972 የወጣው ቴክኒክስ ኤስ ኤል 1200 የተባለው የጃፓን ሸክላ ማጫወቻ፣ ይልቁንም በ1979 የተሻሻለው ዓይነት፣ ፍጥነቱን እስከ 8 በመቶ ድረስ ከፍና ዝቅ ማድረግ ያስችላል። ለምሳሌ ያህል በደቂቃ 120 ጊዜ የሚመታ ዘፈን በ5 በመቶ ቢፈጥን 126 ምት ይሆናል። ነገር ግን ሸክላው ሲፈጥን የዘፋኙም ድምፅ ይቀጥናል፤ ከመጠን ካለፈ ጎልማሳው ዘፋኝ እንደ ሕፃን ይሰማል። እንግዲህ ሥራው ሒሳብም፣ ጆሮም፣ ልክን ማወቅም የሚጠይቅ ነው። ዛሬ ኮምፒዩተር ፍጥነቱን በአንድ ጊዜ ስለሚያስተካክለው ይህ ድካም ቀሏል። ምን ከምን በኋላ ይምጣ? የሚለው ጥያቄ ግን አልቀለለም።

ደግሞም ማያያዝ ብቻውን ሙያው ሁሉ እንዳይመስለን የሚያስተምረን ሌላ ሰው አለ። ዴቪድ ማንኩሶ የተባለው አሜሪካዊ ከ1970 ጀምሮ በኒው ዮርክ በገዛ ቤቱ ወዳጆቹን በመጥሪያ ወረቀት እየጠራ ያስጨፍር ነበር። ቤቱ ዘ ሎፍት ይባል ነበር፤ መጠጥ አይሸጥበትም። ይህ ሰው ከጊዜ በኋላ አንዱን ዘፈን በሌላው ላይ መደረቡን ጨርሶ ተወ። እያንዳንዱን ሸክላ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አሰምቶ፣ ካለቀ በኋላ ሌላውን ያስከትል ነበር፤ ሙዚቀኛው የሠራውን መቁረጥ አይገባም ብሎ ስለሚያምን ነው። በ2016 እስኪሞት ድረስ ብዙ ዲጄዎች እንደ መምህር ያዩት ነበር። ከዚህ የምንረዳው፣ የእጅ ቅልጥፍና ሳይኖር እንኳ መምረጥ ብቻውን ሰውን ሊያስደስት እንደሚችል ነው።

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ። በሰፈራችን ከሠላሳ ዓመት በላይ በሠርግና በልደት ሙዚቃ ሲያጫውቱ የኖሩ አንድ ሰው አሉ። በካሴት ጀምረው፣ በሲዲ አልፈው፣ ዛሬ በኮምፒዩተር ይሠራሉ። ይህን ጽሑፍ ከመጀመሬ በፊት ሄጄ ስለ ሥራቸው ጠይቄአቸው ነበር። የነገሩኝ ከጠበቅሁት የጠለቀ ሆኖ ስላገኘሁት ዋና ዋናውን ላካፍላችሁ።

ከሁሉ አስቀድሞ፣ ሠርግ ቤት ሲደርሱ መሣሪያቸውን ከመዘርጋታቸው በፊት የሁለቱን ወገን ሽማግሎች ፈልገው አገራቸው የት እንደሆነ ይጠይቃሉ። የሙሽራው ወገን ከጎጃም፣ የሙሽሪት ወገን ከወላይታ ቢሆን፣ የአንዱ ወገን ዘፈን ሦስት ጊዜ ሲነሣ የሌላው አንድ ጊዜ ብቻ ቢነሣ በዚያ ቤት ቅሬታ ይቀራል። የጉራጌኛ፣ የኦሮምኛ፣ የትግርኛ፣ የወላይትኛ ዘፈን በተራው ሲመጣ እያንዳንዱ እንግዳ «እኔም ተጠርቻለሁ» ይላል። እኔ ይህን ስሰማ፣ ይህ ሙዚቃ ማጫወት ብቻ ሳይሆን ሰውን ከሰው ጋር ማስማማት ነው ብዬ አሰብሁ።

ሁለተኛው የነገሩኝ ስለ ምታችን ጠባይ ነው። ብዙው የአማርኛ የጭፈራ ዘፈን፣ ችክችካ የምንለው፣ በእያንዳንዱ ዋና ምት ውስጥ ሦስት ሦስት ንዑስ ምት አለው። የፈረንጅ የጭፈራ ዘፈን ግን በብዛት ለሁለት ወይም ለአራት ይከፈላል። ስለዚህ የሁለቱ ፍጥነት ቢስተካከል እንኳ አንዱ ሦስት ሲቆጥር ሌላው ሁለት ይቆጥራልና እግር ይሳሳታል። ቅኝቱም ችግር አለው፤ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የየራሳቸው ድምፅ ስላላቸው ያለ ጥንቃቄ አንዱን በሌላው ላይ ቢደርቡት ጆሮን ያቆስላል። እኒህ ሰው መፍትሔውን ከመጽሐፍ አላገኙትም። ከአንዱ ምት ወደ ሌላው ሲሻገሩ ድምፁን ዝቅ አድርገው እናቶችን እልል እንዲሉ ይጋብዛሉ። እልልታውና ጭብጨባው ቤቱን ሲሞላው ያለፈው ምት ይረሳል፤ ያን ጊዜ አዲሱ ይገባል። ኒው ዮርክ ውስጥ በመሣሪያ የሚሠራውን እዚህ እናቶቻችን በጉሮሮአቸው ይሠሩታል ማለት ነው።

ሦስተኛው ምክራቸው ስለ ትዕግሥት ነው። ጀማሪ ዲጄ ከሁሉ የሚወደደውን ዘፈን ገና ሰው ሳይቀመጥ ያወጣውና በኋላ የሚያወጣው ያጣል። እሳቸው ግን በመጀመሪያ ሰዓት የሚያጫውቱት ሰው እርስ በርሱ እየተነጋገረ ሊሰማው የሚችለውን ነው። የሚያዩትም በመካከል የሚጨፍሩትን ሳይሆን ግድግዳ ተደግፈው የቆሙትን ነው፤ የሚጨፍረው ቀድሞውንም ተደስቷልና። የቆመው ሰው እግሩ ሲንቀሳቀስ ካዩ የሚቀጥለው ዘፈን ለእርሱ ይሆናል። ደግሞ እሳቸው ራሳቸው የሚወዱት ዘፈን በአብዛኛው ሠርግ ሳይሰማ ያልፋል፤ በዚህ ቅር ይላቸው እንደሆነ ስጠይቃቸው ሳቁና፣ የራሳቸውን ዘፈን ቤታቸው ገብተው እንደሚሰሙት ነገሩኝ። ከዚህ የበለጠ ራስን ዝቅ የማድረግ ትምህርት ከወዴት ይገኛል?

የመረጣ ሥራ ከግብዣ ቤት አልፎ የአገርን ስም ሊያስጠራ እንደሚችልም ታሪካችን ይመሰክራል። ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ተሰጥቶ በቆየበት ዘመን፣ አምሃ እሸቴ የተባለ ወጣት በ1969 ደፍሮ አምሃ ሬከርድስን አቋቋመ። ዓለማየሁ እሸቴን የመሰሉ ድምፃውያንን መርጦ አሳተመ። እርሱ ዘፋኝ አልነበረም፤ የሚበጀውን የሚለይ ጆሮና ድፍረት ግን ነበረው። በ1975 ከአገር ወጣ። ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ በ1997፣ ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ የዚያን ዘመን ሸክላዎች እየመረጠ «ኢትዮፒክስ» በሚል ስም በተከታታይ ማሳተም ጀመረ፤ እስከ 2017 ድረስ ቅጾቹ 30 ደርሰዋል። አራተኛው ቅጽ የሙላቱ አስታጥቄ ሥራ ነበር፤ በ2005 ጂም ጃርሙሽ የተባለው አሜሪካዊ የፊልም አዘጋጅ የሙላቱን ዜማዎች በ«ብሮክን ፍላወርስ» ፊልሙ ውስጥ አስገብቶ በዓለም ዙሪያ አሰማቸው። ሙዚቃው ከሠላሳ ዓመት በፊት የተሠራው ያው ሙዚቃ ነው፤ የተጨመረ ማስታወሻ የለም። የተጨመረው፣ አቧራውን አራግፎ «ይህን ስሙ» የሚል መራጭ ብቻ ነው። ይህን ሳስብ የሚያኮራኝም የሚያሳዝነኝም ነገር አለ። የሚያኮራኝ የአባቶቻችን ሥራ መከበሩ ነው። የሚያሳዝነኝ ደግሞ በየቤታችን ቁም ሣጥን ላይ ያለውን ሸክላ እኛ ሳናየው ሌላው ከሩቅ መጥቶ ማየቱ ነው።

አሁን ስልኩን ወደሚደግፉት ጓደኞቼ ልመለስ። እርግጥ ነው፣ ስልክ ርካሽ ነው፤ አይደክመውም፤ በአንድ ኪስ ውስጥ በሺህ የሚቆጠር ዘፈን ይይዛል። ለብቻው ለሚያጠና ወይም መንገድ ለሚሄድ ሰው ከእርሱ የተሻለ ጓደኛ የለም። ነገር ግን ስልኩ የሚመርጠው ትናንት የወደድነውን ቆጥሮ ነው። የትናንቱን የሚመስለውን ይሰጠናል፤ ነገም የዛሬውን የሚመስለውን ይሰጠናል። እንዲህ እያለ ሰው በራሱ ጥላ ዙሪያ ይዞራል። ከዚህም በላይ ስልኩ በበር ማን እንደ ገባ አያይም። ባለፈው ዓመት የወላጆች ቀን የሆነውን ሁላችንም እናስታውሳለን። እናቶቻችን ተራ በተራ ሲገቡ የጥርስ ሳሙና ማስታወቂያ በድምፅ ማጉያ ጮኸ፤ ጥቂት ቆይቶም የስልኩ ባለቤት ሲደወልለት ጥሪው በአዳራሹ ሁሉ ተሰማ። ይህስ ያስቃል። የማያስቀው ግን ሙዚቃው ከመጠን በላይ በመጮኹ አያቶቻችን ወንበራቸውን እያነሡ ወደ ውጭ መውጣታቸው ነው። ለማን ተብሎ የተዘጋጀ በዓል ነበር? ለእነርሱ አልነበረምን? የሚያይ ሰው በቦታው ቢኖር ኖሮ አንድ ጣት ድምፁን ዝቅ ታደርገው ነበር።

ስለ ድምፅ ኃይል ካነሣሁ አይቀር፣ የዓለም የጤና ድርጅት በ2022 ሙዚቃ ለሚሰማባቸው ቦታዎች ያወጣው መመሪያ አማካይ ድምፁ ከ100 ዴሲቤል እንዳይበልጥ ይመክራል። ጆሮ አንዴ ከተጎዳ እንደ ቀድሞው አይመለስም። ስለዚህ ጥሩ መራጭ የምንሰማውን ብቻ ሳይሆን የምንሰማበትንም ጆሮ ይጠብቃል።

አንዳንድ ወላጆች ደግሞ «ይህ ሥራ ልጆቻችንን ወደ መጠጥ ቤት ይወስዳቸዋል» ብለው ይሰጋሉ። ሥጋታቸው ከፍቅር የመጣ ስለሆነ አልንቀውም። ሆኖም ቦታውና ሙያው አንድ አይደሉም። ከላይ እንዳየነው ኩል ሄርክ የጀመረው ለትምህርት መክፈቻ በተደረገ ግብዣ ነው፤ ማንኩሶም መጠጥ አልሸጠም። ሙያውን ከመጥፎ ቦታ የምናድነው በመሸሽ ሳይሆን መልካም ቦታ በመስጠት ነው። ከትምህርት ቤት የበለጠ መልካም ቦታ ደግሞ የለም።

ስለዚህ በበኩሌ ሦስት ነገር አሳስባለሁ። አንደኛ፣ በትምህርት ቤታችን አነስተኛ የሙዚቃ መራጮች ማኅበር ይቋቋም፤ በዓል በመጣ ቁጥር ሁለት ተማሪዎች ከአንድ መምህር ጋር ሆነው፣ የሚመጡት እንግዶች እነማን እንደሆኑ አስቀድመው ጠይቀው፣ የዘፈኑን ተራ ያዘጋጁ። ሁለተኛ፣ ወላጆቻችን ቤታቸው የተቀመጠውን ሸክላና ካሴት ለአንድ ሳምንት እንዲያውሱን እንጠይቅ፤ እኛም የዘፋኙን፣ የባንዱንና የታተመበትን ዓመት በመዝገብ እንጻፍ። ካሴት በእርጥበት ይበላሻል፤ ሸክላም ይሰበራል፤ የሚያስታውሱትም ሰዎች ያረጃሉ። ሦስተኛ፣ የሚጫወተው ዘፈን የማን እንደሆነ ለአድማጭ ይነገር። ኩል ሄርክ ተፎካካሪዎቹ እንዳያውቁበት የሸክላውን ወረቀት ውኃ ውስጥ ነክሮ ያነሣ ነበር፤ ለእርሱ የእንጀራ ጉዳይ ስለነበረ አልፈርድበትም። ትምህርት ቤት ግን የሚያውቁትን የሚሰውሩበት ሳይሆን የሚገልጡበት ቦታ ነው። የሌላውን ድካም ይዘን ስንቆም ቢያንስ ስሙን መጥራት ይገባናል፤ «ዲጄ ምን ፈጠረ?» ለሚሉትም የተሻለው መልስ ይህ ነው።

እንግዲህ ወደ ተነሣሁበት ጥያቄ ልመለስ። ዘፈን መምረጥ ሥራ ነውን? አዎን፣ ሥራ ነው። ብዙ መስማትን፣ ሰውን ማስተዋልን፣ የራስን ምኞት ወደ ኋላ ማድረግን የሚጠይቅ ሥራ ነው። እኛ ተመራቂዎች ነገ መምህር፣ ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ ነጋዴ እንሆን ይሆናል። በየትኛውም ሙያ ቢሆን በአዳራሹ ጥግ ቆሞ ያልተጠራውን ሰው ማየት ያስፈልገናል። ስለዚህ ጓደኞቼ ሆይ፣ ለምረቃችን ዕለት ስልኩን በኪሳችን እናድርግና ሁለት አስተዋይ ሰዎች እንምረጥ። እናንተም ውድ ወላጆች፣ በዚያ ቀን ከወጣትነታችሁ ዘመን አንድ ዘፈን ብትሰሙ ከወንበራችሁ ተነሡልን፤ እኛም አብረናችሁ እንነሣለን።